ስም ያለው ከረሜላ፣ ስም የሌለው ቡና

በየወሩ ከጃፓን ተነሥቶ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ደንበኞቹ ደጃፍ የሚደርስ አንድ የካርቶን ሳጥን አለ። ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ምን እንደሚላክለት ግን አይመርጥም። ሳጥኑ ሲከፈት ትንንሽ እሽጎች ተደርድረው ይገኛሉ፦ በአኩሪ አተር ስጎ ተቀብቶ የተጠበሰ የሩዝ ብስኩት፣ በአረንጓዴ ሻይ ዱቄት የተለወሰ ኩኪስ፣ ውስጡ በጣፋጭ የባቄላ ሊጥ የተሞላ ለስላሳ ኬክ፣ እንዲሁም ጨው ጨው የሚል ከረሜላ። ከእሽጎቹ ጋር አንድ ቀጭን መጽሔት አብሮ ይመጣል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ብስኩት የየትኛው አውራጃ እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ የሠሪው ቤተሰብ ሥራውን ከጀመረ ስንተኛው ትውልድ ላይ እንደደረሰ ተጽፏል። ቦክሱ የተባለው ድርጅት ኒው ዮርክ ላይ ተቀምጦ ይህን ሥራ የጀመረው ከ2015 ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 ከባለሀብቶች 22 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቧል። ቶክዮትሪትና ሳኩራኮ የሚባሉት ተፎካካሪዎቹም በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ብስኩት በፖስታ መላክ ይህን ያህል ገንዘብ የሚስብ ሥራ ይሆናል ብሎ ከሃያ ዓመት በፊት የሚናገር ሰው ቢኖር ሳይሳቅበት አይቀርም ነበር።

የሳጥኑ ምሥጢር ግን ስኳሩ ውስጥ አይደለም። ስኳር በየትም አገር አለ፤ የሩዝ ብስኩትም ቢሆን በየከተማው የእስያ ሱቆች በርካሽ ይሸጣል። ደንበኛው የሚከፍለው ለቦታው ስም፣ ለሠሪው ስም እና እሽጉ ላይ ለታተመው ቀን ነው። የእነዚህ የሦስቱ ጉዳይ ደግሞ ከቶኪዮ ይልቅ ለቡሌ ሆራ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚያገኟት ይህች ከተማ፣ ነባሩ ሰው ዛሬም ሀገረ ማርያም እያለ የሚጠራት የምዕራብ ጉጂ ዞን መቀመጫ፣ ለመንገደኛ የምትሸጠው መክሰስ አላጣችም። ቆሎ በብርጭቆ እየተሰፈረ በላስቲክ ይቋጠራል፤ ሙዝ በእጅ በእጅ ይቀርባል፤ የሱቆቹ መደርደሪያ ደግሞ በአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ብስኩትና በሞያሌ በኩል በገባ ከረሜላ ተሞልቷል። ከውጭ በመጣው እሽግ ላይ የፋብሪካው ስም፣ አድራሻውና የሚበላሽበት ቀን አለ። የአካባቢው የራሱ ምርት የሚሸጥበት ላስቲክ ላይ ግን አንዲት ፊደል የለችም። ክርክሬ ይኸው ነው፦ የደቡቡ ቆላና ደጋ ጥሩ የሚበላ ነገር አልጎደለውም፤ የጎደለው የሚበላው ነገር ከአካባቢው ወጥቶ ሲሄድ ስሙን ይዞ መሄዱ ነው። ይህ ደግሞ በገንዘብ የሚለካ ጉዳት ነው።

ጃፓኖች ይህን ነገር ምን ያህል እንደገፉበት የሚያሳየው የገዛ ብስኩታቸው ሳይሆን የእንግሊዞቹ ኪትካት ነው። ኪትካት በ1930ዎቹ ዮርክ ከተማ ውስጥ የተወለደ ተራ የቸኮሌት ዌፈር ነው። ጃፓን ውስጥ ግን ከ2000 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሆካይዶ ደሴት እንጆሪ፣ በየአውራጃው ጣዕም ይሠራ ጀመር። የኡጂ ሻይ፣ የሺዙኦካ ዋሳቢ፣ የሺንሹ ፖም እየተባለ እስከ ዛሬ የወጡት ዓይነቶች ከ300 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ በዚያው አውራጃ ብቻ ስለሚሸጡ፣ መንገደኛ ከሄደበት ሲመለስ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ይዞላቸው ይመጣል፤ እዚያ አገር ከጉዞ በባዶ እጅ መመለስ እንደ ነውር ይቆጠራልና። በ2009 ደግሞ አምራቹ ከጃፓን ፖስታ ጋር ተዋውሎ ላዩ ላይ አድራሻ የሚጻፍበት ኪትካት አወጣ። ፖስታ ቤት ገዝቶ ለተፈታኝ ልጅ መልካም ዕድል ብሎ እንደ ደብዳቤ መላክ ተቻለ። የባዕድ ቸኮሌት እንኳ የመንደር ስም ሲለጠፍበት ስጦታ ከሆነ፣ ከነጭራሹ በዚያው መንደር የተፈጠረ ምግብ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የጉጂና የቦረና ኦሮሞዎች እንዲህ ያለ ምግብ አላቸው። ቡና ቀላ ይባላል። ከነገለፈቱ የደረቀ የቡና ፍሬ ጫፍ ጫፉ በጥርስ እየተነከሰ ይከፈታል። ይህ ለጨዋታ አይደለም፤ ቅቤው ወደ ውስጥ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። ከዚያ ቅቤ በድስት ይነጠርና ፍሬው ይጨመርበታል፤ እየተንጣጣ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሽማግሌው ይመርቃል፣ የተሰበሰበው ሰው ይቀበላል። ፍሬው ከነቅቤው በኩባያ እየተሰፈረ ይታደልና ይታኘካል፤ ወተት የሚጨመርበትም አለ። በተረፈው ቅቤ ፀጉራቸውንና ግንባራቸውን የሚቀቡ ጥቂቶች አይደሉም። ለልደት፣ ለሰርግ፣ ለእርቅ ያለ እሱ አይሆንም። ነገሩ ለሥርዓት ብቻ የሚቀርብ እንዳይመስል ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ምስክር ነው። ኦሮሞ ዘማቾች የተቆላና የተፈጨ ቡና ከቅቤ ጋር እየለወሱ ድቡልቡል አድርገው በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደነበር፣ አንዷም ድቡልቡል ለአንድ ቀን ስንቅ ከእንጀራና ከሥጋ ይልቅ ታበረታ እንደነበር ብሩስ ጽፏል። ዛሬ በአሜሪካ የስፖርት ሱቆች ቡናና ስብ ተለውሶ ጉልበት ሰጪ እየተባለ በውድ ይሸጣል። የዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በጽሑፍ የተመዘገበው የዚያ ስንቅ ባለቤት ግን ከዚያ ገበያ ውስጥ የለበትም።

ቡናው ራሱም ቢሆን ወደ ጃፓን ሲጓዝ የኖረው ስሙን እቤቱ ጥሎ ነው። ጃፓን የኢትዮጵያ ቡና ከሚወዱት ቀደምት አገሮች አንዷ ናት፤ በቡና ቤቶቿ ግን የሐረሩም የሲዳማውም ቡና የሚጠራው ሞካ በሚል ነው፤ ይኸውም ከቀይ ባሕር ማዶ ባለ የየመን ወደብ ስም። ሐምበላ ዋመና፣ ቀርጫ፣ ሻኪሶና ኡራጋ የሚያበቅሉት የጉጂ ቡና ደግሞ ችግሩ ድርብ ነበር። አገር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሲዳሞ ከሚለው ጥላ ሥር ሲሸጥ ኖሮ በራሱ ስም መጠራት የጀመረው በቅርቡ ነው። መንግሥት ይህን የስም ነገር ችላ አላለውም። በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረውም ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። በጃፓንም ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ ተመዝግበው ነበር። የጃፓን የቡና ማኅበር ግን ስሞቹ የቦታ እንጂ የንግድ ምልክት አይደሉም ብሎ ተቃወመ፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱም ተቀብሎት ምዝገባውን ሰረዘ። ኢትዮጵያ ይግባኝ ብላ በ2010 የቶኪዮው የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋናውን ክርክር ፈረደላት። ለገዛ ብስኩቱ የመንደር ስም የሚሳሳ አገር ነጋዴዎች የሌላውን የመንደር ስም ነፃ ሸቀጥ ነው ብለው መሟገታቸው ትዝብት ላይ የሚጥል ቢሆንም፣ ትምህርቱ ለእኛም ነው፦ ስም ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ማንም ጠበቃ ቀጥሮ አይሟገትበትም ነበር።

ስም የሌለው ዕቃ ሲበላሽ የሚያስከትለውን ደግሞ 2008 አሳይቷል። በዚያ ዓመት የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ ከሚፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘ። ጥርጣሬው ኋላ ላይ ያረፈው በእርሻው ሳይሆን ቡናው በተጓዘበት የጆንያ ከረጢት ላይ ነው። ገበሬው ማሳውን መድኃኒት ሳይነካው ያመረተው ቡና ሁሉ ግን አብሮ ተጠርጥሮ ወደ ጃፓን የሚሄደው ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ። የትኛው ከረጢት ከየት እንደመጣ ማወቅ ቢቻል ኖሮ የተበላሸው ተለይቶ፣ ደህናው መንገዱን ይቀጥል ነበር። የሚያሳዝነው ያ ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረበትም መሆኑ ነው። ምርት ገበያው ለገበሬው የዋጋ መረጃና ፈጣን ክፍያ አምጥቷል፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ ቡናን በደረጃና በሰፊ አካባቢ እየመደበ ስለሚያገበያይ የአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ወይም የአንዱ ቀበሌ ቡና ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋ ነበር። በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ መነሻውን ተከታትሎ መሸጥን ካመቻቸ ወዲህ ነው ጉጂና ሐምበላ የሚሉ ስሞች በውጭ ቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ በብዛት መታየት የያዙት።

ስም ብቻውን ግን ምግብን ከመሻገት አያድነውም። የጃፓኑን የሩዝ ብስኩት እሽግ የቀደደ ሰው አንዲት ነጭ ትንሽ ከረጢት ታገኘዋለች፤ ላይዋ ላይ አትብላ ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ያለው የብረት ዱቄት ነው። ብረት እንደሚዝግ ሁሉ ዱቄቱም በእሽጉ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየሳበ ይዝጋል፤ ኦክስጅን ሲያልቅ ቅባቱ አይሻግትም፣ ሻጋታም አያበቅልም። ሚትሱቢሺ ጋዝ ኬሚካል የተባለው ኩባንያ ይህችን ከረጢት ለገበያ ያቀረባት በ1977 ነው፤ እሷ ባትኖር ኖሮ ለስላሳ ኬክ ውቅያኖስ አቋርጦ ሳይደርቅና ሳይገማ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነበር። የቡና ቀላ ጠላትም ይኸው ኦክስጅን ነው፤ ቅቤው ውስጥ ገብቶ ያሻግተዋል። አርብቶ አደሩ ይህን ጠላት በራሱ መንገድ ሲታገል ኖሯል። የቦረና ሴቶች ከቃጫ አጥብቀው የሚሠሩትን ጎርፋ በተመረጠ የግራር ፍም ያጥኑታል፤ ጭሱ የዕቃውን ግድግዳ ያለብሰዋል፣ አላስፈላጊውን ተህዋሲ ይገድላል፣ ለወተቱም ጠረን ይሰጠዋል። በዚያ ውስጥ ወተት እየተጨመረበት፣ አጓቱ እየተቀነሰለት የሚጠነክረው እቲቱ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቆያል። የዝናብ ጊዜ ትርፍ ወተት ወደ ደረቁ ወቅት የሚሻገርበት ዘዴ ነው። እንግዲህ የማቆየት ጥበብ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ የጎደለው የድሮውን ጥበብ ከአዲሱ እሽግ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ቡሌ ሆራ ላይ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ዩኒቨርሲቲ አለ።

የጃፓን ዕቃ ስለሚታመን ተሸጠ፤ የእኛን ማን ያምነዋል የሚል ይኖራል። መልሱ እምነቱ ከሰማይ አልወረደም የሚል ነው። የሆካይዶው ሽሮይ ኮይቢቶ፣ ከ1976 ጀምሮ በጃፓን ከሚወደዱት የመንገደኛ ብስኩቶች አንዱ፣ በ2007 የመበላሻ ቀኑን እየቀየረ ሲሸጥ ተያዘ። በዚያው ዓመት ከ1707 ጀምሮ እንደሠራ የሚኮራው የኢሴው አካፉኩም በተመሳሳይ ጥፋት ተጋለጠ። ምርታቸው ከገበያ ተነሣ፣ ሥራው ቆመ፣ ኃላፊዎቹ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፣ አሠራራቸውንም ለውጠው ተመለሱ። እንዲህ ማድረግ የተቻለው እሽጉ ላይ ስምና ቀን ስለነበረ ነው። በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ ውስጥ ጠጠር ያገኘ ሰው ማንን ይጠይቃል? ስም ለሻጩ ክብር ብቻ አይደለም፤ ለገዢው መጠየቂያም ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይጠነክራል። የጃፓንን ሳጥን የሸጠው ብስኩቱ ሳይሆን ፊልሙና ካርቱኑ ነው፤ ቡሌ ሆራን ማን ያውቃታል የሚል ነው። እውነት አለው፤ ዝና ከምግብ ቀድሞ ይሄዳል። ነገር ግን የመጀመሪያው ገዢ የግድ ባዕድ መሆን የለበትም። ከቦሌ አየር ማረፊያ የሚነሣ የመንገደኛ ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሳይይዝ አይሄድም፤ ዋሽንግተንም ሚኒያፖሊስም ያለ ዘመድ ይጠብቀዋል። ይህ ሻንጣ ያለ ደንበኝነት ውል፣ ያለ አድራሻና ያለ መጽሔት የሚሄድ የኢትዮጵያ ሳጥን ነው። ሚኒያፖሊስና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ ኦሮሞ ከሚኖርባቸው ከተሞች ዋነኞቹ ናቸው፤ ቡና ቀላን ለእነሱ ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ዕቅድ የሚደናቀፍበት እውነት አለ፤ ለማማለል ብሎ መደበቅ ደግሞ ትክክል አይደለም። ቅቤ ያለበት ምግብ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ በንግድ መልክ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት ተዋጽኦ የሚቀበለው ከፈቀደላቸው አገሮች ብቻ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ ለማር ተፈቅዶላታል፤ ለወተትና ለቅቤ ግን አልተፈቀደላትም። የአፍና የእግር ማዝ በሽታ ባለበት አገር ላይ አሜሪካና ጃፓንም በዚህ ነገር ጥብቅ ናቸው። ስለዚህ ቡና ቀላን በሳጥን አሽጎ ቶኪዮ መላክ ለጊዜው ሕልም ነው። ቡና፣ ማር፣ ቆሎ፣ የቆላው ሙጫና ዕጣን ግን መንገድ አላቸው። የኤል ሶድ ጨውም አለ። ከያቤሎ በስተደቡብ፣ በአማርኛ ጨው ቤት በምትባለው መንደር አጠገብ፣ ሰዎች አህያ እየነዱ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ይወርዳሉ፤ ታች ባለው ጥቁር ሐይቅ ውስጥ ጠልቀው ጨው ያወጣሉ። ጥቁሩ ለከብት፣ ነጩ ለሰው ይሆናል። ጃፓን ውስጥ አኮ የምትባል ከተማ በጨውዋ ስም ጨው ያለበት ኬክ ትሸጣለች፤ የአኮ ጨው ታሪክ ከኤል ሶዱ ይበልጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ድርቅ በነበረበት አገር ስለ መክሰስ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ከ2020 እስከ 2022 መጨረሻ ቦረና ላይ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው «ገና» የሚባለው ዋናው ዝናብም «ሐጋያ» የሚባለው አጭሩ ዝናብም ሳይዘንቡ ቀሩ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ተፈናቀለ። በዚያ ላይ የምዕራብ ጉጂ ሰላም መናጋት አለ። በ2018 በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ የደረሰው መፈናቀል ቁስሉ ገና አልሻረም። እኔ ግን ድርቁ ክርክሩን ያጠናክረዋል እላለሁ። ሀብቱ በሙሉ በከብት እግር ላይ የቆመ ቤተሰብ ዝናብ ሲቀር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ማር፣ ዕጣንና ጨው ግን ከከብት የተለየ ገቢ ናቸው፤ በእሽግ ስም ይዘው ሲሸጡ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ትርፉ የነጋዴው ብቻ እንዳይሆን ውሉ ሲጻፍ ስሙ የሚመዘገበው በአምራቾቹ ማኅበር መሆን አለበት፤ ስም ዋጋ እንዳለው የሲዳሞ ጉዳይ አስተምሯልና። የቡና ቀላው ምርቃት ደግሞ የሽማግሌዎች ነው፤ ለሽያጭ አይቀርብም፤ ቅቤ የነካው ፍሬ በየቤቱ ለእንግዳ የሚቀርብ መሆኑን ግን ማንም አይክድም። ምን ይሸጥ፣ ምን አይሸጥ የሚለውን የሚወስኑት የጉጂና የቦረና ሽማግሌዎችና ሴቶች እንጂ አዲስ አበባ ወይም ኒው ዮርክ የተቀመጠ ነጋዴ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳጥን ወደ ውጭ አይሂድ። ከቡሌ ሆራ ሐዋሳ፣ አዳማና አዲስ አበባ በአንድ ቀን በአውቶቡስ ይደረሳል፤ ክፍያው ከ2021 ጀምሮ በቴሌብር ይቻላል፤ የቅቤ ገደቡም አገር ውስጥ የለም። የቤት ቁጥር የሌለበት ሠፈር ላይ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ወይም በመናኸሪያ መቀበል ይቻላል፤ ሰው ዛሬም ዕቃ የሚላላከው እንዲሁ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ታጥቦ የደረቀ የሐምበላ ቡና፣ የቆላ ማር፣ የኤል ሶድ ነጭ ጨው፣ በእሽግ የተጠበቀ ቡና ቀላና ስለ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይኑር። ላዩ ላይ የቀበሌው ስም፣ የማኅበሩ ስም፣ የታሸገበትና የሚበላሽበት ቀን ይታተም፤ ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የ2019ኙ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ባለበት አገር የሕግ ግዴታም ነው። ዩኒቨርሲቲው የብረት ዱቄቷን ከረጢትና የቅቤውን ዕድሜ ይፈትሽ፤ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይሽጥ፤ ፖስታ ቤቱ ዋጋ ይቁረጥ። ጀማሪው ይህን ያህል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።